ሳይቀመስ የቀረው ድግስ

እትዬ ብርቅነሽን በደንብ አላውቃቸውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ የቅርብ ዘመዳቸው መስዬው እንዳይታለል ነው። ሦስት ዓመት በዳላሱ ዲ ኤፍ ደብሊው ኤርፖርት አንድ ተርሚናል ውስጥ አብረን ዊልቸር ገፍተናል። የጠዋት ፈረቃችን ስምንት ሰዓት ላይ ሲያልቅ፣ ቤቴ ዋይሊ ስለሆነ በመንገዴ ሳክሲ አደርሳቸዋለሁ። መኪና ውስጥ የተነገረ ነገር ደግሞ ግማሹን የመንገድ ጫጫታ ይወስደዋል። ከዚህ በታች የጎደለ ነገር ቢኖር ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። አጭር ናቸው፤ ነገር ግን መቶ ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው አስቀምጠው ከጌት እስከ ጌት ሲገፉ ትንፋሻቸው አይቆራረጥም። ከፓሪስ የሚመጣው በረራ ሲያርፍ አለቃችን ሁልጊዜ እሳቸውን ነው የሚጠራው፤ ፈረንሳይኛ ይችላሉ። መጀመሪያ ስሰማቸው የት እንደተማሩት ጠየቅኋቸው።

«ግንብ ስጠርግ» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። በእረፍት ክፍላችን ጠረጴዛ ዙሪያ ባዶ ወንበር ካለ፣ ከመቀመጣቸው በፊት አንሥተው ግድግዳ ሥር ያስጠጉታል። ሁለት ባዶ ካለ ሁለቱንም። ወለተጊዮርጊስ የምትባል የሥራ ባልደረባችን ታበሽቃቸዋለች።

«እትዬ፣ ወንበሩ ምን በደለዎት? ቢያንስ እግሬን ልስቀልበት።»

«ስቀይበት። ባዶውን አይደር እንጂ የፈለግሽውን አድርጊበት።»

«ባዶውን ቢያድርስ?»

«ሰው የሌለበት ወንበር ሰው ይጠራል» አሉ እትዬ ብርቅነሽ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ። ወለተጊዮርጊስ እግሯን ሳትሰቅል ቀረች።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ልጃቸው ሀሴት ስልክ ደወለችልኝ። ሀሴት አንድ ልጃቸው ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፎርት ዎርዝ ውስጥ ነርስ ናት። አሌክስ የሚባል የዚያው የፎርት ዎርዝ ልጅ ልታገባ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ጥሪውም ደርሶኝ ነበር። ሠርጉ ፈረንሳይ አገር ስለሆነ ግን ለወግ የተላከልኝ መስሎኝ ዝም ብያለሁ።

«ጋሼ ጉግሳ፣ ፕሊስ ቤት ና። ማሚ ሠርግሽ ላይ አልመጣም አለች። ማለቴ፣ ኦኬ፣ ተቆጣች አይደለም። ዝም ብላ አልመጣም አለች። አንተን ትሰማለች።»

እኔን እንደማይሰሙ አውቃለሁ። ቢሆንም ሄድኩ።

ሳክሲ ቤታቸው ስደርስ ሀሴት አይፓዷን ጠረጴዛ ላይ አቁማ ጠበቀችኝ። እናቷ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ውጭውን ያያሉ። በስክሪኑ ላይ የድንጋይ ግንብ አለ፤ ባለ አንድ ክብ ማማ፣ ጣሪያው ጥቁር፣ ፊቱ ሣር። ሥሩ ትንሽ መንደር ይታያል። የመንደሩ ስም ቬርኛክ ነው አለችኝ።

«ሶ፣ ማሚና አባዬ የተጋቡት እዚህ ነው። እኔም የተወለድኩት እዚህ መንደር ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠርግ ያከራዩታል። እኔ ሌላ የት ልጋባ?»

ስለ ግንቡ የተጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። እኔም እንደገባኝ አስቀምጠዋለሁ። መጀመሪያ፣ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት፣ ማማው ብቻ ነበር፤ የተሠራውም ለጠላት መጠበቂያ ነው። ቀጥሎ የመጡ ባላባቶች አዳራሽና ጸሎት ቤት ጨመሩበት። በእነሱ አቆጣጠር በ1793 አብዮተኞች ሲመጡ የመጨረሻው ባላባት በወጥ ቤቱ በር ወጣ። ሲወጣ ለሁለት ገረዶቹ «ለእራት እመለሳለሁ፤ ቦታዬን አሰናዱ» አላቸው። አልተመለሰም። ገረዶቹ እስኪሞቱ ድረስ በየቀኑ ሳህኑን ያስቀምጡለት ነበር ይባላል። ከዚያ ግንቡን የቆዳ ጓንት የሚሠራ ነጋዴ ገዛው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቁስለኛ ሆስፒታል፣ ኋላ ደግሞ የከተማ ልጆች የበጋ ማረፊያ ሆነ። ብዙ ዓመት ባዶ ከቆየ በኋላ የመንደሩ ሕዝብ ገዛው። ዛሬ ምድር ቤቱ ማዘጋጃ ቤትና ቤተ መጻሕፍት ነው። የምሥራቁ ክንፍ የስደተኞች ማረፊያ ነው። አዳራሹና ጸሎት ቤቱ ደግሞ የሠርግ።

«አሁን የምወደው ክፍል» አለች ሀሴት፣ ሥዕሉን እያሳለፈች። ጸሎት ቤቱ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። በራሱ በኩል አንድ ወንበር፣ ከፊቱ ደግሞ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ የሸክላ ጽዋ አለ። «ይሄ የቤቱ ልማድ ነው ይላል። ለቤቱ ባለቤት አንድ ቦታ ይተዋል። ከ1793 ጀምሮ ተቋርጦ አያውቅም። ጽዋው ደግሞ ከመስቀል ጦርነት የመጣ ነው። ሙሽራዋ ከባለቤቱ ፊት ታነሣውና ይዛው ትወጣለች። ኢዝንት ዛት ቢዩቲፉል?»

እትዬ ብርቅነሽ ከመስኮቱ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«የዓለምጌጥ ነው።»

«ምኑ ማሚ?»

«ጽዋው። ከጎንደር ይዛው የመጣችው ዓለምጌጥ ናት። ከንፈሩ የተሸረፈው እኔ ሳጥበው ነው።»

ሀሴት ሥዕሉን በጣቶቿ አሰፋችው። ጨርቁ በማይሸፍነው በኩል የጽዋው ከንፈር የጥፍር ያህል ተሸርፏል። ልጅቷ ሳቀች። እናትየው ተነሥተው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

«አየህ?» አለችኝ ሀሴት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አባዬ የለም። እሷም ካልመጣች በእኔ በኩል ማን ይቆማል?»

በማግሥቱ ሰኞ ከሥራ ስንመለስ 635 አውራ ጎዳና ላይ አደጋ ነበርና መንገዱ ቆመ። «ሀሴት እኮ አዝናለች» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«የማይሄዱት የሰኔ ጾም ስለሆነ ነው አለችኝ።»

«ያ ሰበብ ነው። አንተ ጉግሳ፣ ፊት ያለው ሄደ እኮ! መኪና ነው የምትነዳው ወይስ ታቦት ነው የምታጅበው?»

ትንሽ ተንቀሳቀስን፤ እንደገና ቆምን። ያን ጊዜ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

ቬርኛክ የገቡት በ1985 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ከጅቡቲ ካምፕ ተመርጠው ፈረንሳይ የተወሰዱ አሥራ አንድ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ አንድም ቀድሞ የሚተዋወቅ አልነበረም። ግንቡ ያን ጊዜ ማዘጋጃ ቤት ብቻ ነበር፤ ሠርግ የለ፣ ቤተ መጻሕፍት የለ። አሥራ አንዱን በምሥራቁ ክንፍ አስቀመጧቸው። ግድግዳው የሁለት ክንድ ውፍረት አለው። ሰው በአንድ ክፍል ሲያስል በሌላው አይሰማም፤ ነገር ግን ማንም በሌለበት ደረጃ ላይ የእግር ኮቴ ይሰማል። ሽማግሌው ዘበኛ የድንጋይ ቤት ሲቀዘቅዝ እንዲህ ነው አላቸው።

«እኛም ተቀበልነው» አሉ እትዬ ብርቅነሽ። «የድንጋይ ቤት መች እናውቃለን።»

ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል፣ ማኅበር ጀመሩ። ከመካከላቸው ዓለምጌጥ ጽዋ ነበራት። አንዱ ልጅ ድቁና ነበረው። ከፍያለው የሚባለውን፣ አነጋገር የሚያውቀውን፣ የማኅበሩ ሙሴ ብለው መረጡት፤ ሰብሳቢ ማለት ነው። ማኅበር የሚጠጣው በየተራ በየቤቱ ነው። የወሩ ባለተራ ይደግሳል፤ ሲያበቃ የሚቀጥለው ሰው ጽዋውን ተረክቦ ይሄዳል፤ የተረከበ ሰው በወሩ መደገስ ግዴታው ነው። እነሱ ግን ሁሉም ያለው በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ሰፊው ክፍል ጸሎት ቤቱ ስለሆነ የመጀመሪያውን እዚያ አደረጉት። ወንበሮቹ ግድግዳ ሥር ተደራርበው ነበር። አሥራ አንድ አወረዱ።

«አየህ፣ በሰው ቤት ነው ያለነው። ባለቤቱ ፈቃድ አልሰጠንም፣ አልጋበዝነውም። ይሉኝታ ያዘን። ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ተቆርሶ ጽዋ ወደ ማስረከቡ ስንደርስ ከፍያለው ተነሣ። ‹በሰው ቤት ተቀምጠን ባለቤቱን ሳንጠይቅ ተራ ብንይዝ ነውር ነው። የቤቱ ባለቤት ካለ ቅድሚያ ለእሱ ይሁን። ማን ይረከባል?› አለ። ጨዋታም ነው፣ ጨዋነትም ነው። ይህን ያላለ ሙሴ አለ? አንተስ ብትሆን ትለው የለም?»

«እለዋለሁ» አልኩ።

«ከጥግ ካለው የድንጋይ ምድጃ በኩል ‹እኔ እረከባለሁ› አለ።»

ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ሞተሩን አጥፍቶ ነበር። እኔም ማጥፋት ነበረብኝ መሰለኝ፤ አላጠፋሁም።

«ማን?»

«እኛ ያደረግነው አንተ እንደምታስበው አይደለም። ተረካቢ ሲገኝ እንደሚደረገው ሁላችንም ብድግ ብለን እልል አልን። አጨበጨብን። እልል ካልን በኋላ ነው የተያየነው። ቆጠርን፤ አሥራ አንዳችንም ጠረጴዛው ዙሪያ ነን። ምድጃው ጋ ማንም የለም።»

«በአማርኛ ነው የተናገረው?»

አሰቡ። በእውነት ለማስታወስ ሲሞክሩ አየሁ።

«በምን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ። ለሁላችንም ገባን፤ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው።»

ማንም ጽዋውን አልነካም። ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ። በነጋታው ዓለምጌጥ ልትወስደው ስትሄድ አላገኘችውም። ዘበኛውን ጠየቁት፤ አላየሁም አለ። ማዘጋጃ ቤቱን ጠየቁ፤ አላየንም አሉ። ከመካከላችን የአንዱ ቀልድ ነው ብለው እርስ በርሳቸው ተጠራጠሩ፤ አንድ ሳምንት ያህል ተኮራረፉ።

ታኅሣሥ 12 ሰኞ ዋለ። ወርዶ ማየት ይገባል አይገባም ብለው ተከራከሩ። ከፍያለው «ባለተራ ከተረከበ ማኅበርተኛ አይቀርም፤ ደንብ ነው» አለ። የነቢያት ጾም ስለሆነ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረዱ።

«በሩ ክፍት ነበር» አሉ እትዬ ብርቅነሽ። «ወንበሮቹ ከግድግዳው ወርደዋል። እኛ በኅዳር መልሰን ደራርበናቸው ነበር። ጠረጴዛው ዙሪያ ናቸው። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሁለት ናቸው። ጽዋው ጠረጴዛው ራስ ላይ ነው፤ ውስጡ ሞልቷል። ጥቁር ነገር ነው፤ ወይን ይሁን ውኃ እንጃ፣ ክፍሉ ጨለም ስላለ ይሆናል። አጠገቡ አንድ ሙሉ ዳቦ አለ። ዓለምጌጥ ደፍራ ነካችው። ትኩስ ነው። ጉግሳ፣ ሰኞ በዚያ መንደር ዳቦ ቤት ዝግ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ቆምን። አንድም ሰው አልተቀመጠም። ከፍያለው ‹ሙሴ ነኝና ልቅመስ› ብሎ አንድ እርምጃ ሄደ። እኔ ክንዱን ያዝኩት። ያን ጊዜ ገና ባሌ አይደለም፤ ስሙንም በወጉ አልጠራውም። ግን ያዝኩት። ሳንቀምስ ወጣን። በሩን ዘግተን እንደ ሌባ በጓዳ ደረጃ ወጣን።»

መንገዱ ተከፈተ። ሳክሲ ሲወርዱ ወደ መኪናው ጎንበስ ብለው «የደገሰ ሰው ፊት ሳይቀምሱ መውጣት ምን እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?» አሉኝ።

አውቃለሁ። አገር ቤት እናቴ ለእርቅ ሄዳ ሳትቀምስ የወጣችበት ቤት አለ፤ እስከ ዛሬ ከዚያ ቤት ሰው ጋር ሰላም አንባባልም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ቀሪውን በቁርጥራጭ ነገሩኝ፤ እኔ ነኝ የቀጠልኩት። በጸደዩ ማኅበርተኛው ተበተነ፤ ማን ካናዳ፣ ማን ስዊድን። እትዬ ብርቅነሽና ከፍያለው ግን ቀሩ፤ መንደሩ ሥራ ሰጣቸው። እሱ አትክልተኛ፣ እሳቸው ጠራጊ። በሁለተኛው ዓመት እዚያው ግንብ ምድር ቤት፣ በማዘጋጃ ቤቱ፣ በከንቲባው ፊት ተፈራርመው ተጋቡ። ፈረንሳይኛውንም ከዚያው ተማሩ፤ በየክፍሉ የተሰቀሉትን የታሪክ ሰሌዳዎች አቧራ ሲያራግፉ ፊደል በፊደል እያነበቡ። ስለ ባላባቱና ስለ እራቱ ያነበቡት ያን ጊዜ ነው። መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ብዙ ቆዩ አሉኝ። ለከፍያለው ሲነግሩት ግን ብዙ አልተገረመም።

«ጸሎት ቤቱንም እርስዎ ነበሩ የሚጠርጉት?»

«እሱን ከፍያለው ነበር። እኔ ውኃ እስከ በሩ አደርስለታለሁ። ቅዳሜ ወንበሮቹን ደራርቦ ይወጣል። ሰኞ ጠረጴዛው ዙሪያ ያገኛቸዋል። መልሶ ይደራርባል። አይናደድም። እንደ ሥራው ቆጠረው።»

አንድ ሰኞ የማዘጋጃ ቤቷ ጸሐፊ ከፍያለው ሳይቀድማት ገባች። ወንበሮቹን አየች፤ ከጠረጴዛው ራስ ላይ ጽዋውን አየች። ሮጣ ወጥታ አቀፈችው። ይሄ የጥንቱ የገረዶቹ ልማድ ነው፣ እንዴት ደስ ይላል፣ ማን ነገራችሁ አለችው። ከፍያለው ምን ይበል? «ማንም» አላት። በወሩ አዲስ ሰሌዳ ተሰቀለ። ልማዱ ከ1793 ጀምሮ ተቋርጦ እንደማያውቅ የሚናገረው ሰሌዳ ያ ነው። ሠርግ ማከራየት ሲጀመር ደግሞ ሙሽራ ጽዋውን ታንሣ የሚል ተጨመረበት።

«ሰባት መቶ ዓመት ታሪክ አላቸው» አሉ እትዬ ብርቅነሽ፣ ሊስቁ ሲሉ። «እኛ ግን በአንድ ወር ውስጥ የእነሱ ጥንት ሆንን።»

ሀሴት አራት ዓመት ሲሆናት የእትዬ ብርቅነሽ ወንድም ዳላስ አስመጣቸው። ከፍያለው ኧርቪንግ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ጥገና ሠራ፤ ደህና ኖሩ። ከስድስት ዓመት በፊት ታሞ ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ተኛ። በመጨረሻው ሳምንት ደጋግሞ የሚላቸው አንድ ነገር ነበር፤ «ባለተራውን አሳፈርነው።» መድኃኒቱ ነው አሏቸው ሐኪሞቹ። እትዬ ብርቅነሽ ግን የሚያወራውን ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሳቸው ከካፌቴሪያው ሲመለሱ፣ ለእንግዳ የተቀመጠችው ወንበር አልጋው አጠገብ ተስባለች። ከፍያለው ወደ ወንበሯ ዞሮ «ይቅርታ አድርግልን» ይላል። ነርሷን ወንበሯን አንቺ ነሽ ያስጠጋሽው ብለው ጠየቋት። አይደለሁም አለች።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ባዶ ወንበር የማላስቀምጠው» አሉኝ። ስለ እረፍት ክፍሉ ዳግመኛ አልቀለድንም። ለወለተጊዮርጊስም ተዪ አልኳት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

አንድ ነገር አልገባኝም ነበርና በግንቦት መጨረሻ ጠየቅኋቸው። ስንትና ስንት ሙሽራ ያንን ጽዋ አንሥቷል። ምን ሆኑ?

«ምንም አልሆኑም። ወልደው ከብደው ይኖራሉ። እነሱ ማኅበርተኛ አይደሉማ! እነሱ ጌጥ ነው ያነሡት። ሀሴት ግን የሙሴው ልጅ ናት። አባት ሲሞት በማኅበሩ የሚተካ ማን ነው?»

«ልጅ» አልኩ።

«ልጅ። እሷ ስታነሣው ተረከበች ማለት ነው። የአባቷን ተራ፣ የአባቷን እፍረት፣ ሁሉንም። በወሩ ምን ልትደግስ ነው? ለማን? የት? ፎርት ዎርዝ ሁለት ክፍል አፓርታማ ውስጥ?»

«ለምን አይነግሯትም?»

«ነግሬያት የለም እንዴ! ቁጭ አድርጌ እንደ አንተ ከመጀመሪያው ነገርኳት። ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ሶ ኩል፣ ማሚ! ይሄን ለእንግዶቹ በማይክ እናውራላቸው!›»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

«አታንሺ ይበሏት ታዲያ።»

«ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ አትንኪ ያልኳትን ያልነካችው ነገር አለ? ብከለክላት በሁለት እጇ ነው የምታነሣው። ባልሄድ ደግሞ ብቻዋን ታነሣዋለች። እኔ ከቀረሁ ሠርጉ ይፈርሳል ብዬ ነበር የገመትኩት፤ አልፈረሰም። ልጄን እንደማላውቃት ያወቅሁት አሁን ነው።»

ከሳምንት በኋላ ሀሴት አንድ ኢሜይል ላከችልኝ። ሠርጉን ከሚያስተናግዱት ሰዎች የመጣ ነው። ስለ ጽዋው ጠይቃቸው ነበር። እኔ እንግሊዝኛዬ የሠራተኛ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሁለቴ አነበብኩት። ጽዋው ከግንቡ እንደማይወጣ፣ ከሠርግ በኋላም ሙሽሮች በሩ ድረስ ይዘውት ሄደው እንደሚመልሱት ይላል። ሠራተኞቹ አጥበውት አያውቁም፤ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚያገኙት። ከሥር ደግሞ ሀሴትን ያስደሰታት አንድ መስመር አለ። በዚህ ዓመት የቤቱ ሰዎች ጠረጴዛውን ሲያዘጋጁ ሀሴት ሠርጉን ባስያዘችበት ሳምንት አሥራ ሁለት ወንበር ቀድሞ ወርዶ አግኝተዋል፤ ማን እንዳወረደው አልታወቀም፤ ቤቱ ሙሽራዋን እየጠበቀ ነው ብለን ቀለድን ይላል።

ለእትዬ ብርቅነሽ ማሳየት አለማሳየት አስጨነቀኝ። አሳየኋቸው። ጌት አጠገብ ቆመን ነበር፤ ሁለት ዊልቸር ይዘን የሚወርድ መንገደኛ እንጠብቃለን። መነጽራቸውን አድርገው ፈረንሳይኛ እንደሚያነቡት ዓይነት፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ እንግሊዝኛውን አነበቡ። ስልኩን መለሱልኝ።

«አሥራ አንዳችንን ነው የጠራው» አሉ።

«ስንት ቀርታችኋል?»

«ከእኔ ጋር ሦስት። አንደኛዋ ስዊድን ናት፤ ሰው አትለይም። አንዱ ካናዳ ነው፤ ብደውልለት ስልኩን ዘጋብኝ።» መንገደኛቸው ወጣ፤ አንድ ወፍራም ሽማግሌ። እትዬ ብርቅነሽ ፈገግ ብለው «ቦንዡር ሙስዩ» አሉትና ይዘውት ሄዱ።

ሰኔ ሲገባ ለአለቃችን የእረፍት ቅጽ ሞልተው ሰጡ። ለሀሴት እመጣለሁ ሲሏት በስልክ ውስጥ ስትጮህ እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ ሰማኋት። ቀኑ በጣም ሞቃት ነበር፤ የአየር ማቀዝቀዣውን ከፍ አድርጌ ነበር፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን ተከናንበው ነበር።

«ሠርጉ ቅዳሜ ነው» አሉ። «ዓርብ ግን ሰኔ 12 ነው፤ ሚካኤል። ሰዎቹ ዓርብ ከሰዓት አበባ ሊሰቅሉ ይገባሉ። ጸሎት ቤቱን ግን እስከ አሥር ሰዓት አይከፍቱትም። ለጸሐፊዋ ደወልኩላት፤ አርጅታለች፤ አወቀችኝ። ቁልፉን ትሰጠኛለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻዬን እገባለሁ።»

«ገብተውስ?»

«እቀመጣለሁ። ያኔ ያልተቀመጥነውን እቀመጣለሁ። የቀረበውን እቀምሳለሁ። ‹ስለዘገየን ይቅርታ› እላለሁ። ከዚያ እንደ ደንቡ ጽዋውን ከእጁ እረከባለሁ። ቅዳሜ ሀሴት የምታነሣው ባዶ ሸክላ ይሆናል፤ እንደ ሌሎቹ ሙሽሮች ጌጥ ይሆንላታል።»

ድምፃቸው የሥራ ፈረቃ ሲቀያየሩ እንደሚናገሩት ነበር። እኔ ግን መሪውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። «አብሬዎት ልምጣ» ለማለት አሰብኩ፤ ፓስፖርቴ ጊዜው እንዳለፈ ትዝ አለኝ፤ ፓስፖርቴ ባያልፍም የምለው አይመስለኝም።

ቤታቸው በር ላይ ፓርክ አደረግሁ። ቀበቶአቸውን ፈቱ። ቦርሳቸውን አነሡ። ያን ጊዜ ነው የጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ የተረከበ ሰው በወሩ ይደግስና ያስረክባል። ከአሥራ አንዱ ማንም አይቀበልዎትም። እርስዎ ለማን ሊያስረክቡ ነው?»

የመኪናውን በር ከፍተው አንድ እግራቸውን አወጡ። ሙቀቱ ገባ። ወደ ቤታቸው መስኮት አዩ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ አዩ።

«እሱን አልነግርህም» አሉና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።